የቸርኬው ኑዛዜ

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ሶዶ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ይዞ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ፣ በስተቀኙ የአባያን ቀላ ያለ ውሃ፣ በስተግራው ወደ ጨንቻና ወደ ዶርዜ የሚያወጣውን ተራራ እያየ ጥቂት እንደ ሄደ፣ ሙዝና ማንጎ ከመንገዱ ዳርና ዳር እንደ ቅጥር የቆሙበት አገር ይቀበለዋል፤ ይህም ጫኖ ነው። የዚህ አገር ሙዝ በአይሱዙ እየተጫነ ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ ባዶውን የሚመለሰው መኪና ያገለገለ ዕቃ ሁሉ ይዞ ይወርዳል። እኔም ለአሮጌዋ ኮሮላዬ አራት ያገለገሉ የአሉሚኒየም ቸርኬዎች በዚሁ መንገድ አስመጥቼ፣ አዲስ ለመግዛት አቅሜ ስላልፈቀደ፣ ጋራዥ ለማስቀባትም ስስት ስለያዘኝ፣ ‹የኬሚስትሪ መምህር ሆኜ ቀለም ያቅተኛልን?› በሚል ትዕቢት በገዛ ግቢዬ ልቀባቸው ተነሣሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር ያሳፍረኛል፤ ነገር ግን ሳልናገረው መፍትሔ ስላላገኘሁለት፣ በጥቅምት ወር በአንዲት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቸርኬዎቹን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልዬ ወደ አንድ ሽማግሌ ቤት ወሰድኋቸው።

እኒህ ሰው ስማቸው እንዲጠራ ስላልወደዱ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ። ሠላሳ ዓመት በአዲስ አበባ በቅጥቀጣና ቀለም ሥራ ኖረው፣ ሳንባቸው ሲደክም ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ጫኖ ተመልሰው ሙዝ የሚያለሙ ናቸው። በልጅነታቸው ዳዊት ደግመዋልና አነጋገራቸው ከጋራዥ ይልቅ የደጀ ሰላም ነው። ከማንጎው ሥር ተቀምጠን የተነጋገርነውን እንደሚከተለው ጽፌዋለሁ።

እኔ፦ ሳሮ፣ ጋሼ! እንዴት ዋሉ? ቡናው አለፈኝ መሰለኝ።

ጋሼ፦ ሳሮ፣ ሳሮ! ገና ቶናው ነው፤ በረካው ይጠብቅሃል። ተቀመጥ፣ የኔ ልጅ። ግን ይህ በጆንያ የጠቀለልኸው ምንድን ነው? የሰው ዶሮ ሰርቆ የሚሸሽ መስለሃል እኮ።

እኔ፦ ቸርኬዎቼ ናቸው። አራቱንም ቀባኋቸው፣ ሦስቱ ከዱኝ፤ ያውም እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ። አራተኛው ብቻ አምሮልኛል።

ጋሼ፦ አውጣቸው እስቲ። እዚያ ፀሐዩ ጋ፣ በጥላው ሥር አይደለም። (አራቱንም በእግራቸው እያገላበጡ ካዩ በኋላ) በአገራችን በጋሞ ‹ጎሜ› የሚባለውን ታውቀዋለህን?

እኔ፦ ሰምቻለሁ። ሰው ዎጋውን፣ የአባቶቹን ሥርዐት ተላልፎ የሸሸገው በደል፣ ቆይቶ በራሱ ደዌ ወይም በከብቱ ሞት ወይም በእህሉ መበላሸት ይገለጣል የሚባለው አይደለምን?

ጋሼ፦ እርሱ ነው። ሽማግሌዎቹ ታዲያ መከራ ያገኘው ሰው ሲመጣላቸው ‹የት ያምሃል?› ብለው አይጀምሩም፤ ‹ምን አጥፍተሃል?› ብለው ነው የሚጀምሩት፤ ሰውየውም የሸሸገውን ሁሉ እስኪናገር ድረስ ዕርቅም ፍሥሐም የለም። እኔም በጋራዥ በኖርሁበት ዘመን የተላጠ ቀለም ይዞ የሚመጣውን ደንበኛ የምጠይቀው እንደዚሁ ነበር፤ ምክንያቱም ቀለም ከላዩ ሲያኮርፍ ነገሩ ምንጊዜም ከታቹ ነው፣ ከታች ያለውን ደግሞ ከቀባው ሰው በቀር የሚያውቀው የለም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምረህ ተናዘዝ።

እኔ፦ የመጀመሪያውን በሐምሌ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቀባሁት። በውሃና በኦሞ በሚገባ አጠብሁት፣ በፀሐይ አደረቅሁት፣ ከዚያም በቆርቆሮ የታሸገውን ብርማ ስፕሬይ ነፋሁበት። ቀለሙ ገና እርጥብ ሳለ ግን እዚህም እዚያም ክብ ክብ እየሠራ ሸሸ፤ የዓሣ ዓይን የመሰለ ጉድጓድ በየቦታው ወጣበት። ‹ስደርብበት ይሞላል› ብዬ ሁለተኛ ጊዜ ነፋሁበት፤ ጉድጓዱም ያው ጉድጓድ ሆኖ ቀረ። በሳምንቱ ጎሚስታው ጎማውን ሲያስገባ ብረቱ ያረፈበት ቦታ ሁሉ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተገፈፈ።

ጋሼ፦ ከመታጠቡ በፊት ምን ተቀብቶ ነበር?

እኔ፦ ምንም።

ጋሼ፦ ‹ምንም› የሚል መልስ በዱቡሻ፣ በሽማግሌዎቹ ሸንጎ ላይ አያዋጣም። ጎማው ጥቁር እንዲሆን፣ ዳሽቦርዱም እንዲያብለጨልጭ የምትቀቡት አንድ ዘይት የመሰለ ነገር አለ።

እኔ፦ አዎን፣ እርሱንማ በየሳምንቱ እቀባው ነበር።

ጋሼ፦ እነሆ ጎሜው! ያ ማብሪያ ብዙውን ጊዜ ሲሊኮን አለበት፤ ሲሊኮንን ደግሞ ኦሞ አያስለቅቀውም። በዓይን አይታይም፣ በእጅም አይዳሰስም፤ ቀለሙ ግን ያውቀዋልና ያረፈበትን ቦታ እየተጸየፈ ይሸሸዋል።

እኔ፦ በእኛ ትምህርት ይህን በገጽታ ውጥረት እንገልጸዋለን። ፈሳሽ ሊዘረጋ የሚችለው ከእርሱ የበለጠ የመሳብ ኃይል ባለው ገጽ ላይ ነው፤ ሲሊኮን ያረፈበት ገጽ ግን ከቀለሙ ያነሰ ስለሆነ፣ ቀለሙ በላዩ መዘርጋቱን ትቶ ወደ ራሱ ይሰበሰባል። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የማስተምረው ነገር ነው፤ በገዛ ቸርኬዬ ላይ ሳየው ግን አላወቅሁትም።

ጋሼ፦ ዳዊት ያስተማሩኝ የኔታ ከጎጃም የመጡ ነበሩ፤ ብራናቸውንም ራሳቸው ይፍቁ ነበር፣ እኛም ደቀ መዛሙርቱ እናግዛቸው ነበር። የፍየሉ ቆዳ ውሃ ውስጥ ሰንብቶ፣ ከእንጨቱ መወጠሪያ ላይ በጠፍር ተወጥሮ፣ ከወዲህ ጸጉሩ ከወዲያ ሥጋው እየተፋቀ፣ በድንጋይ እየታሸ፣ እየደረቀና ዳግመኛ እየረጠበ ቀናት ይፈጅ ነበር። አንድ ቀን እኔ ጠርዙ ላይ ጥቂት ሞራ አስቀርቼ ነበር፤ የኔታ ብርዑን አጥቅሰው መስመሩን እየጻፉ ሄደው እዚያ ቦታ ላይ ሲደርሱ ቀለሙ እንደ ጤዛ ድቡልቡል ሆኖ ቆመ። ቀና ብለው አዩኝ፤ አንድ ቃል አልተናገሩም። ገጹን በሙሉ እንደ ገና ፋቅሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ስለ ቀለም ሲጠይቀኝ እኔ ስለ ቆዳው እጠይቀዋለሁ።

እኔ፦ እንግዲህ ቸርኬውን እንዴት ነው የምፍቀው?

ጋሼ፦ ቅደም ተከተሉን አትሳት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነውና። በመጀመሪያ በሳሙናና በብዙ ውሃ ታጥበዋለህ፤ የፍሬኑ ብናኝ ከማዕዘኑ እስኪወጣ ድረስ በጥርስ ብሩሽ ትፈገፍገዋለህ። ሲደርቅ ሁለት ንጹሕ ጨርቅ ትይዛለህ፤ አንዱን በቲነር አርጥበህ ታብሳለህ፣ ቲነሩም በአየር ሳይተን ወዲያው በሁለተኛው ደረቅ ጨርቅ ታነሣዋለህ። ቲነሩ እዚያው ከደረቀ ያሟሟውን ቅባት መልሶ እዚያው ያስተኛዋል፤ ቆሻሻውን ከቦታ ወደ ቦታ አዛወርኸው እንጂ አላነሣኸውም። ብርጭቆ ወረቀት የምታነሣው ከዚህ በኋላ ነው። አስቀድመህ ብትፍቀው ሲሊኮኑን በጭረቱ ውስጥ ትቀብረዋለህና እስከ ዕለተ ምጽአት አይወጣልህም። ወረቀቱም ከ180 ጀምሮ ወደ 320፣ ከዚያ ወደ 400 ይሄዳል፤ በ80 ቁጥር የሚጀምር ሰው ያረሰውን እርሻ ከላይ የሚነፋው ክሊር እንኳ አይሸፍንለትም። ከፈቅኸውም በኋላ የቲነሩን ጨርቅ ትደግመዋለህ፤ በባዶ እጅህ ግን አትንካው፣ የእጅ ላብም ቅባት ነው።

እኔ፦ መላጡስ? ጉድጓድ ባላወጣበት ቦታም ጭምር ነው የተላጠው።

ጋሼ፦ ከታች ምን ሰጠኸው?

እኔ፦ ቀይ አንቲ ረስት ሰጥቼው ነበር፤ ይኸው ከልጣጩ ጀርባ ይታያል።

ጋሼ፦ አንቲ ረስት ለብረት ነው፤ የብረትን ዝገት ይከላከላል። አሉሚኒየም ምኑ ይዝጋልና!

እኔ፦ አሉሚኒየም ከአየር ጋር እንደ ተገናኘ ወዲያውኑ በስስና በጠንካራ ኦክሳይድ ይሸፈናል። ብረትን የሚበላው ዝገት እየተፈረፈረ ሲወድቅ፣ ይኸኛው ግን ሥር ያለውን ይጠብቃል፤ ነገር ግን ለቀለም የሚንሸራተት መሬት ነው።

ጋሼ፦ ተባረክ። ስለዚህ ጥቂት አሲድ ያለበት፣ እኛ ዋሽ ፕራይመር የምንለው አለ፤ እርሱ ገጹን ነክሶ ይይዛል። ስስ አድርገህ ትነፋዋለህ፣ ያውም በፈቅህበት ቀን፤ ፍቀህ አሳድረህ በማግስቱ ብትመጣ ያ ያልኸው ኦክሳይድ ወፍሮ ይጠብቅሃል። በል ወደ ሁለተኛው እንሂድ፤ ይኸኛው የአሮጊት ፊት መስሏል።

እኔ፦ የእርሱ ጥፋት ከስስት የመጣ ነው። የግቢ በሬን ከቀባሁበት ሲንተቲክ የተረፈ ነበረኝ፤ ‹ከታች ምን ቢሆን ማን ያየዋል› ብዬ በብሩሽ ቀባሁት። በማግስቱ በእጄ ስነካው የደረቀ መሰለኝና ብርማውን ኒትሮ ነፋሁበት። ገና ከመንፋቴ፣ የፈላ ወተት ሲበርድ ላዩ እንደሚይዘው ስልባቦት እየተጨማደደ ተነሣ።

ጋሼ፦ ‹ማን ያየዋል› ያልኸውን ቲነሩ አየልሃ!

እኔ፦ ምክንያቱን ቢነግሩኝ።

ጋሼ፦ ዘይት ቀለም አደራረቁ ከላይ ወደ ታች ነው፤ ላዩ ደርቆ ልቡ ገና ጥሬ ነው፣ እንደ ቸኮለች ሴት ዳቦ። ኒትሮው የሚቀጥንበት ቲነር ደግሞ ኃይለኛ ነው፤ ያንን ጥሬውን ሰርጎ ገብቶ ያሳብጠዋል። ያበጠው መሄጃ ስለሌለው ይጨማደዳል። በኒትሮ ላይ ዘይት ቀለም ቢደረብ ይታገሣል፤ በዘይት ላይ ኒትሮ ሲደረብ ግን አይታገሥም። ከሁለቱ አንዱን መርጠህ ከታች እስከ ላይ በእርሱ ሂድ።

እኔ፦ የሁለቱ የአደራረቅ ጠባይ ፈጽሞ የተለያየ ነው። ዘይቱ የሚደርቀው ኦክሲጅን ከአየር እየተቀበለ በመለወጥ ነው፤ ስለዚህ ጊዜ ይፈልጋል፣ አንድ ጊዜ ከተለወጠም አይመለስም። ኒትሮው ግን ምንም አይለወጥም፤ ቲነሩ ተንኖ ሲሄድ እርሱ ይቀራል፣ ቲነር ሲመለስለት ደግሞ ይሟሟል። ነገሩን ከማንሣታችን አይቀር፣ ጋሼ፣ ይህ ኒትሮ ከምን እንደሚሠራ ያውቃሉ?

ጋሼ፦ ከምን ይሠራል? ሠላሳ ዓመት ተነፈስሁት እንጂ አልጠየቅሁትም።

እኔ፦ ከጥጥ ነው። የዶርዜ ሸማኔ ጋቢ የሚሠራበት ያው ጥጥ በናይትሪክና በሰልፈሪክ አሲድ ሲነከር ናይትሮሴሉሎስ ይሆናል፤ እርሱም በአንድ ወገን ጭስ አልባው ባሩድ፣ በሌላ ወገን የመኪና ቀለም ነው። ይህ ቀለም ከመምጣቱ በፊት በአሜሪካን አገር አንድን መኪና ቀብቶ ለማድረቅ ሳምንታት ይፈጅ ነበር፤ ፎርድም ሞዴል ቲን ከ1914 እስከ 1925 እ.ኤ.አ. ያወጣው በጥቁር ብቻ ነበር። ዱፖንት ‹ዱኮ› ያለውን የናይትሮሴሉሎስ ቀለም አውጥቶ በ1923 እ.ኤ.አ. የጄኔራል ሞተርስ ኦክላንድ መኪና በእርሱ ሲቀባ ነው ሳምንቱ ወደ ሰዓት የተለወጠው፤ የመኪና መልክም ከዚያ ወዲህ ኅብረ ቀለማት ሆነ።

ጋሼ፦ ባሩድ ስንነፋ ኖረን ኖሯል! እንግዲያው የቡናው ከሰል ከአጠገባችን እያለ ያንን ቆርቆሮ ከጆንያው አታውጣው። ቀልዴን አይደለም። አንድ ባልደረባዬ ጓሮው ውስጥ ሲቀባ ባለቤቱ ምድጃ አቀጣጥላ፣ የቲነሩ እንፋሎት ከአየር ይከብዳልና በመሬት ለመሬት ሄዶ እሳቱን አገኘው፤ ቅንድቡ ዳግመኛ አልበቀለም። አሁንስ ይህን የተጨማደደ በምን ልታነሣው አስበሃል?

እኔ፦ ኮስቲክ ሶዳ አስቤ ነበር። ዘይት ቀለምን ያሟሟል።

ጋሼ፦ አሉሚኒየሙንስ?

እኔ፦ (ጥቂት ዝም ብዬ) አሉሚኒየሙንም ይበላዋል፤ ሃይድሮጅን እያፈላ።

ጋሼ፦ ተማሪዎችህን እግዚአብሔር ይጠብቃቸው። በቀለም ማንሻ አርጥበህ በእንጨት ፋቀው፣ ከዚያ በውሃ እጠበው። በእሳት ደግሞ አትለብልበው፤ ቸርኬው ፋብሪካ ውስጥ በተመጠነ እሳት ጠንክሮ የወጣ ነው፣ ያንተ እሳት ያለዝበዋል።

(በዚህ ጊዜ በረካው ቀረበልን። ጋሼ ሦስተኛውን ቸርኬ አንሥተው ወደ ሰማይ አቅንተው እንደ ጽዋ አዟዟሩት። ብርማው ቀለም በትክክል ተቀብቶ ነበር፤ በላዩ ላይ ያለው ክሊር ግን እንደ ደመና ነጥቶ፣ መስተዋት ላይ እንደ ተነፈሱበት ሆኗል።)

ጋሼ፦ ይህን የቀባኸው ባለፈው ሳምንት ነው፤ ዝናብ ካደረ በኋላ፣ ገና ፀሐይ ከሐይቁ በኩል ሳይወጣ።

እኔ፦ ማን ነገረዎ?

ጋሼ፦ ክሊሩ። እስኪ አንተ ምክንያቱን ንገረኝ፤ ይህስ በመጽሐፍህ ሳይኖር አይቀርም።

እኔ፦ ቲነሩ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ስለዚህ የቀለሙ ፊት ከአየሩ ይልቅ ይቀዘቅዛል። አየሩ በእርጥበት የተሞላ ከሆነ፣ ጧት በሙዝ ቅጠል ላይ እንደሚወርደው ጤዛ ውሃው እዚያ ቀዝቃዛ ፊት ላይ ይወርድና ከክሊሩ ጋር ይቀላቀላል። ውሃና ክሊር ስለማይዋሐዱ፣ እንደ ወተት ነጥቶ የሚታየው ያ ያልተዋሐደው ውሃና እርሱ የተወው ክፍተት ነው።

ጋሼ፦ ታዲያ ይህን እያወቅህ ለምን ማለዳ ቀባኸው?

እኔ፦ ቀን ላይ አቧራ ስለበዛብኝ ነው። የሙዝ መኪና ባለፈ ቁጥር መንገዱ ይጨሳል። በጧት ግን ጸጥ ያለ ነበር።

ጋሼ፦ እውነት ነው፤ ጫኖ ለቀባሪ እንጂ ለቀቢ የምትመች አገር አይደለችም። ማለዳ እርጥበት አለ። በስድስት ሰዓት ፀሐዩ ቸርኬውን እንደ ምጣድ ያግለዋል፤ ያን ጊዜ የክሊሩ ፊት ቶሎ ደርቆ ይዘጋና ከሥር የቀረው ቲነር መውጫ ሲያጣ እየበሳ ይወጣል፣ ፊቱም በመርፌ የተወጋ ይመስላል። አመሻሽ ላይ ደግሞ የሐይቁ ትንኝ ይመጣል፤ አንድ ጊዜ ነጭ ላንድክሩዘር ቀብቼ በማግስቱ ገብስ የተበተነበት መስሎ አግኝቼዋለሁ። ወደ ጨንቻ ሽቅብ ወጥተህ ብትቀባም ጉሙ አለ። ስለዚህ ለእኛ የቀረችልን ሰዓት ከጧቱ ሦስት እስከ አምስት ያለችው ናት፤ ጤዛው ደርቋል፣ ፀሐዩ አልጠነከረም፣ ነፋሱም ገና አልተነሣም። መሬቱን ውሃ ትረጫለህ፣ ግን አንድ ሰዓት ቀድመህ፤ አቧራው ይተኛል፣ እርጥበቱም ይሄዳል። ቸርኬውን በእጅህ ጀርባ ንካው፤ ለብ ካለ ቀባ፣ ከቀዘቀዘ ጠብቅ፣ ካቃጠለህ ወደ ጥላ አስገባው።

እኔ፦ የሚያስገርመው ነገር፣ ፈረንጆች ይህን የኒትሮ ቀለም የሚጠሩበት ላከር የሚለው ስያሜ መጀመሪያ የተሰጠው ለነፍሳትና ለዛፍ ሙጫ ነበር፤ ጃፓኖች ከዛፍ የሚያልቡት ኡሩሺ የተባለው ላከር ደግሞ እርጥበት ከሌለው አይጠነክርም። በርጥብ ሣጥን ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት፤ ደረቅ አየር ላይ ቢያቆዩት ለብዙ ጊዜ ይጣበቃል። የእኔን ክሊር ያበላሸው የአባያ ጤዛ ለኡሩሺ ሠሪ ጸጋ በሆነለት ነበር።

ጋሼ፦ እንግዲያው ጃፓን ሂድና ቅባ! አንተ የያዝኸው የጥጡን ነው። ደግነቱ ይህ ከሦስቱ ሁሉ የቀለለ ኃጢአት ነው። አሁን አንተ ራስህ ‹ቲነር ሲመለስለት ይሟሟል› አላልህምን? በደረቅ ቀን፣ ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር አግኝተህ ከሩቅ እንደ ጭጋግ አድርገህ አንዲት ጊዜ ንፋበት፤ ክሊሩ ይከፈታል፣ የታሰረው ውሃ ይወጣል፣ ነጩም ይሄዳል። ሌላውን ኃጢአት ግን በላዩ አትጨምር፤ አብዝተህ ብትነፋው ይወርዳል፣ እንደ ሻማ ሰም ተንጠባጥቦ ይቀራል።

እኔ፦ በማድረቂያ የሚደባለቀውን ክሊር ብጠቀምስ? እርሱ ቤንዚን እንኳ አይነካውም ይላሉ።

ጋሼ፦ ትክክል ነው፤ ጽኑዕ ነው፤ ቤንዚንም የፍሬን ሙቀትም ይችላል። (ሳል ያዛቸው፤ እስኪያልፍ ጠበቅሁ።) ይህን ሳል የሰጠኝ ግን እርሱ ይመስለኛል። ሐኪሙ ማድረቂያው ውስጥ አይሶሲያኔት የሚሉት መርዝ እንዳለ፣ ሳንባም አንድ ጊዜ ከተቆጣበት በኋላ ጥቂቱን እንኳ እንደማይታገሥ ነገረኝ። እኛ በአፋችን ላይ ነጠላ ጠምጥመን ነበር የምንነፋው፤ ነጠላ ደግሞ እንኳን ለእርሱ ለአቧራም አይሆንም። አየር ከውጭ በቱቦ የሚቀበል ጭምብል ያለው ሰው ይንፋው፤ አንተ በግቢህ፣ ልጆች በሚሯሯጡበት፣ አትንካው።

እኔ፦ እሺ፣ ጋሼ። አልነካውም።

ጋሼ፦ አሁን ከሁሉ የሚበልጠውን ልንገርህ፤ ቀለም የማይገባባቸው ቦታዎች አሉ። ቸርኬው ከሞዞው ጋር የሚገናኝበትን ጀርባውን፣ ዳዶዎቹም የሚቀመጡባቸውን ጎድጓዳ ክቦች በወረቀትና በፕላስተር ሸፍን። እዚያ ወፍራም ቀለም ካለ፣ ዳዶውን ስታጠብቀው የጠበቀ ይመስልሃል፤ ጥቂት ከሄድህ በኋላ ግን ቀለሙ ይደቅቃል፣ የደቀቀውም ያህል ዳዶው ይላላል። ጎማ ወልቆ በራሱ መንገድ የሄደበትን መኪና አይቻለሁ። ሸፍነህም ቢሆን መቶ ኪሎ ሜትር ሳትሞላ እንደ ገና አጥብቅ። ጎማው የሚነክስበትንም ከንፈር አታወፍረው፤ ነፋስ ያፈስሳል። እና ይህ አራተኛው? ‹አምሮልኛል› ያልኸው?

እኔ፦ አዎን፣ እርሱ ላይ የተማርሁትን ሁሉ አደረግሁበት። ፊቱን ይመልከቱ፣ አንድ ነቁጥ የለበትም።

(ጋሼ ፊቱን አላዩም። ገልብጠው የውስጠኛውን ከንፈር በጣታቸው ዳሰሱት፤ አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ከኪሳቸው ቁልፍ አውጥተው ቸርኬውን በየቦታው ቀጭ ቀጭ አደረጉት፤ በዙሪያው ሁሉ እንደ ቃጭል ሲጮህ እዚያች ቦታ ሲደርስ እንደ እንጨት ሆነ።)

ጋሼ፦ ይህ ምንድን ነው?

እኔ፦ ጥቂት... ጥቂት ጎድጎድ ያለ ነበር፤ ስቱኮ ሞላሁበት።

ጋሼ፦ ሲጎደጉድ ከሥሩ መስመር ነበረው?

እኔ፦ ቀጭን መስመር ነበረው፤ ጭረት መሰለኝ።

ጋሼ፦ መሰለህ ወይስ እንዲመስልህ ፈለግህ?

(መልስ አልሰጠሁም። በቢላዋ ጫፍ ስቱኮውን ፈነቀሉት፤ እንደ ደረቀ ጭቃ ባንድነት ወደቀ። ከሥሩ ከፀጉር የማይወፍር ስንጥቅ ከከንፈሩ ተነሥቶ ወደ መካከሉ የጣት ያህል ገብቶ ነበር። በፀሐዩ ፊት ሲያዘነብሉት ከወዲያ በኩል ብርሃን ታየበት።)

እኔ፦ በአርጎን ቢበየድስ?

ጋሼ፦ የሚበይዱ አሉ፤ ለሽያጭ ነው የሚበይዱት። እኔ ግን ከጨንቻ ቁልቁል፣ ፍሬኑ ግሎ፣ ሙዝ የጫነ አይሱዙ ከፊቴ ሲመጣ፣ በተበየደ ቸርኬ ላይ ልጆቼን አላስቀምጥም። ሦስቱ ኃጢአተኞች ይድናሉ፤ እንደ ገና ተፍቀው ይቀባሉ። ይኸኛው ግን አይቀባም። መልኩ ያማረው አንተ ስላሳመርኸው ነው።

እኔ፦ ለሌላ ሰው እንኳ ብሸጠው...

ጋሼ፦ ለአንተ የሸጠው ሰው ያለው ይህንኑ ነው። እዚሁ ተወው።

ጸሐፊው ለአንባቢ የሚጨምረው ጥቂት ነው። ሦስቱን ቸርኬዎች በኅዳር ወር ከጧቱ በሦስት ሰዓት እንደ ተነገረኝ ቀባኋቸው፤ እስካሁን አልተላጡም። አራተኛው ከጋሼ ማንጎ ሥር ተጋድሞ በዳዶ ቀዳዳዎቹ ሰርዶ በቅሎበታል፤ መኪናዬም በሦስት ብርማ ቸርኬና፣ የራሱን ዳዶዎች ይዞ በመጣ አንድ ጥቁር የብረት ቸርኬ ትሄዳለች።